አባሪውን የከፈተው ሰው

በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች በቫይረስ ተመትተው ሥራ ሲቆም፣ በሚጠራው አስቸኳይ ስብሰባ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ማን ነው የከፈተው?» የሚል ነው። ኑሮዬ የተመሠረተው የየመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተርና ኔትወርክ በመንከባከብ ላይ ስለሆነ፣ ይህ ጥያቄ በቁጣም በሹክሹክታም ሲጠየቅ ሰምቻለሁ። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል፤ የግዥ ክፍል ሠራተኛ፣ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ወይም ገና የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰች የሰው ኃይል ባለሙያ ሆና ትገኛለች። ስሟ ከታወቀ በኋላ ጉዳዩ እንዳለቀ ይቆጠራል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፋል፤ «ከማታውቁት ሰው የመጣ ኢሜይል አትክፈቱ» የሚል ማስታወቂያ በየግድግዳው ይለጠፋል፤ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥልጠናም ይሰጣል። እኔ ግን ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ ነው ከሚል እምነት ላይ ከደረስሁ ቆይቻለሁ።

እስቲ የግዥ ሠራተኛዋን ውሎ እንመልከት። ሥራዋ ከዚህ በፊት አይታቸው ከማታውቃቸው አቅራቢዎች ፕሮፎርማ መሰብሰብ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ተሟልቶ ካልቀረበ ግዥው አይጸድቅም፤ ስለዚህ ከማታውቀው ሰው የመጣውን አባሪ ካልከፈተች ሥራዋን አልሠራችም ማለት ነው። የሰው ኃይል ባለሙያዋም በጋዜጣና በቴሌግራም ቻናል «የትምህርት ማስረጃችሁንና ሲቪያችሁን በዚህ ኢሜይል ላኩ» ብላ ካወጀች በኋላ፣ የሚደርሷት ፋይሎች ሁሉ ከማታውቃቸው ሰዎች የተላኩ ናቸው። እነዚህ ሠራተኞች ደመወዝ የሚከፈላቸው አባሪ እንዲከፍቱ ሆኖ ሳለ፣ በግድግዳው ላይ ያለው ማስታወቂያ የሚከለክላቸው ይህንኑ ሥራቸውን ነው። ቫይረስ የሚያሰራጩትም ይህን አሳምረው ስለሚያውቁ ፋይሎቻቸውን «ፕሮፎርማ»፣ «የክፍያ ማረጋገጫ»፣ «የጭነት ሰነድ» እያሉ ይሰይሟቸዋል።

ማስታወቂያው የሚሰጠው ምክር ደግሞ አሁን አርጅቶ ሳይሆን ገና ከጥንቱም የማይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 1999 ሜሊሳ የተባለው ቫይረስ ሲነሳ፣ የሚጓዘው በወርድ ሰነድ ውስጥ የተደበቀ ማክሮ፣ ማለትም በሰነድ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ የትእዛዝ ፕሮግራም ሆኖ ነበር። ሰነዱ ሲከፈት ማክሮው አውትሉክ በተባለው የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም ውስጥ ያለውን የተጠቃሚውን አድራሻ መዝገብ ይገልጥና ለመጀመሪያዎቹ 50 አድራሻዎች ራሱን አባዝቶ ይልካል። ተቀባዩ የሚያየው የሚያውቀው ሰው ስም ያለበት ጠቃሚ መልእክት ነው፤ በውስጡም የጠየቅኸኝ ሰነድ ይኸውልህ፣ ለሌላ ሰው ግን እንዳታሳይ የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተጽፏል። ከማያውቁት ሰው የመጣ ነገር አልነበረም። ማይክሮሶፍትና ኢንቴልን የመሰሉ ኩባንያዎች ሳይቀሩ የኢሜይል አገልግሎታቸውን ለጊዜው ለማቋረጥ ተገደዱ። የቫይረሱ ጸሐፊ ዴቪድ ስሚዝ በጥቂት ቀናት ውስጥ በኒው ጀርዚ ተይዞ፣ በመጨረሻ የ20 ወር እስራትና የ5,000 ዶላር መቀጮ ተፈርዶበታል።

ከሜሊሳ ይልቅ ሁሉም የሚያስታውሰው ግን በቀጣዩ ዓመት የመጣውን ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 2000፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 26 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ሐሙስ ነበር። «አይ ላቭ ዩ» የሚል ርዕስ ያለው ኢሜይል ከማኒላ ተነሥቶ፣ በእስያ፣ ከዚያ በአውሮፓ፣ ከዚያም በአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች ነግቶላቸው ኮምፒውተራቸውን በከፈቱ ቁጥር እየተከተለ ዓለምን አዳረሰ። ከኢሜይሉ ጋር ከእኔ የተላከልህን የፍቅር ደብዳቤ እባክህ ተመልከትልኝ የሚል አጭር ቃልና አንድ አባሪ ፋይል ነበረ። ሜሊሳ በ50 አድራሻዎች ስትወሰን ይህኛው በአድራሻ መዝገቡ ላይ ላለው ሰው ሁሉ ይላካል። የእንግሊዝ ፓርላማ የኢሜይል ሥርዓቱን ዘጋ፤ በአሜሪካ ፔንታጎንና ሲአይኤ ሳይቀሩ ተነኩ። የተያዙት ኮምፒውተሮች ከ10 ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ፣ ጉዳቱም በቢሊዮን ዶላሮች እንደሚቆጠር በየጊዜው ተጽፏል።

የፋይሉን ስም በዝርዝር ማየት ተገቢ ነው፤ ክርክሬ በሙሉ ያለው እዚያ ላይ ነውና። ስሙ «ላቭ-ሌተር-ፎር-ዩ» ይልና ነጥብ አድርጎ «ቲኤክስቲ» ይላል፤ ከዚያ ሌላ ነጥብ አድርጎ «ቪቢኤስ» ይላል። የመጀመሪያው ማብቂያ ተራ ጽሑፍ ማለት ነው፤ ተራ ጽሑፍ ከመነበብ ያለፈ አንዳች ነገር ማድረግ አይችልም። ሁለተኛው ማብቂያ ቪዥዋል ቤዚክ ስክሪፕት ማለት ሲሆን፣ ይህ ለማሽኑ የሚሰጥ የትእዛዝ ሰንሰለት ነው። አንድ ፋይል ምን እንደሆነ የሚወስነው ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ ያለው ስለሆነ፣ ፋይሉ በእውነት ስክሪፕት ነበረ። ዊንዶውስ ግን ለተጠቃሚው እይታ ጽዱ እንዲሆን በሚል፣ የሚያውቃቸውን የፋይል ማብቂያዎች ከስማቸው ላይ ቆርጦ ይደብቅ ነበር። ስለዚህ በብዙዎች ማያ ገጽ ላይ የቀረው «ላቭ-ሌተር-ፎር-ዩ» ነጥብ «ቲኤክስቲ» ብቻ ነበር። ከጎኑ የነበረው ምልክትም የብራና ጥቅልል የሚመስል ሥዕል ነው። እንግዲህ ይህን የከፈተ ሰው ሳያይ የከፈተ አይደለም፤ አይቶ፣ ተራ ጽሑፍ መሆኑን በዓይኑ አረጋግጦ ነው የከፈተው። ያየው ነገር ሐሰት ነበረ፤ ሐሰቱን ያሳየው ደግሞ ራሱ የገዛው የዊንዶውስ ሥርዓት ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በአንድ ኮምፒውተር ላይ በቆመ ነበር። ከዊንዶውስ 98 ጋር ስክሪፕት የሚያስኬድ መሣሪያ አብሮ ተጭኖ ስለሚመጣ፣ በማውስ ሁለት ጊዜ የተጫነ ስክሪፕት «ይህ ፕሮግራም ነው፤ ይሂድ ወይ?» ተብሎ ሳይጠየቅ ይሮጣል። ሮጦም የተጠቃሚው የሆነውን ሁሉ ይነካል፤ በዚያ ዘመን በቤትና በትናንሽ መሥሪያ ቤቶች በነበሩት ዊንዶውሶች ላይ የተጠቃሚው ያልሆነ ነገር ስላልነበረ፣ ይህ ማለት መላውን ኮምፒውተር ማለት ነው። አውትሉክ ደግሞ ማንኛውም ስክሪፕት የአድራሻ መዝገቡን አንብቦ በባለቤቱ ስም ደብዳቤ እንዲልክ ሙሉ ፈቃድ ሰጥቶት ነበር፤ ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ጓደኞቹ እየደወሉ ሲስቁበት ወይም ሲሰድቡት ነው። ስክሪፕቱ የፎቶግራፍ ፋይሎችን በራሱ ቅጂ እየተካ አጠፋቸው፤ የኤምፒስሪ ሙዚቃዎችን ግን ደበቃቸው እንጂ አላጠፋቸውም። ሙዚቃውን ለምን እንደማረው ሳስበው ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ የጸሐፊው ዕድሜ የሚታየው እዚህ ጋ ይመስለኛል። በመጨረሻም የይለፍ ቃሎችን የሚሰርቅ ሌላ ፕሮግራም ከኢንተርኔት ለማውረድ ይሞክር ነበር።

ታሪኩ እስከ ዛሬ ሲነገር የሚጎላው ፍቅሩ ነው። የሰው ልጅ ፍቅር እንደራበው፣ ለአንዲት ጣፋጭ ቃል ሲል ማስተዋሉን እንደሚጥል እየተባለ ይተረካል። ነገሩ ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው አልልም። ነገር ግን አንድ ጠዋት የመሥሪያ ቤታችሁ ሒሳብ ሹም፣ ቁም ነገረኛው ሰውዬ፣ «እወድሃለሁ» የሚል ደብዳቤ ቢልኩላችሁ፣ ጤንነታቸው አሳስቧችሁም ቢሆን ትከፍቱታላችሁ። አንድን ደብዳቤ መክፈት ማንበብ ማለት መሆን ሲገባው፣ ፈቃድ መስጠት ማለት እንዲሆን ያደረጉት ሰዎች ነበሩ፤ እነዚያ ሰዎች ስም፣ ደመወዝና የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያላቸው ናቸው። አንድ መሐንዲስ ማብቂያው ይደበቅ ብሎ ወስኗል፤ ሌላው ስክሪፕት ሳይጠየቅ ይሂድ ብሏል፤ ሦስተኛው አድራሻ መዝገቡ ክፍት ይሁን ብሏል። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ለተጠቃሚው ምቾት የታሰበ ነበር። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ወጥመዱ ከቫይረሱ በፊት ተሠርቶ ተቀምጧል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የግዥ ሠራተኛዋን መገሠጽ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ለዚህ አባባሌ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ቀጥሎ የሆነው ነገር ነው። ማይክሮሶፍት በጁን 2000 ለአውትሉክ ማሻሻያ አወጣ። ማሻሻያው ስክሪፕትና ፕሮግራም የሆኑ አባሪዎች ጨርሶ እንዳይከፈቱ የሚያግድ፣ ማንኛውም ፕሮግራም የአድራሻ መዝገቡን ሊነካ ሲል ባለቤቱን የሚጠይቅ ነበር። ብዙ ድርጅቶች ሥራችንን ያውክብናል ብለው ሳይጭኑት ቀሩ። በፌብሩዋሪ 2001 አንድ የ20 ዓመት ኔዘርላንዳዊ፣ ሌላ ሰው ባዘጋጀው የቫይረስ መሥሪያ ፕሮግራም ተጠቅሞ፣ የቴኒስ ተጫዋቿ የአና ኩርኒኮቫ ፎቶግራፍ የሚመስል አባሪ አሰራጨ። ፋይሉ «ጄፒጂ» ይልና ከኋላው ያው የተደበቀ «ቪቢኤስ» ነበረበት። የፍቅር ደብዳቤው ዜና በዓለም ጋዜጦች ሁሉ የፊት ገጽ ላይ ከወጣ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ያን ያህል ሰፊ ማስጠንቀቂያ ያልደረሰው ተጠቃሚ ነበር ለማለት ያስቸግራል። ሆኖም ያው ዘዴ እንደገና ሠራ። ማሻሻያውን የጫኑት ሰዎች ግን ፋይሉን በማውስ ቢነኩትም አልተከፈተላቸውም። ወጣቱ የ150 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ተፈረደበት።

የማኒላውን ጸሐፊ ግን ማንም አልቀጣውም። ኦኔል ደ ጉዝማን ኤኤምኤ በተባለው የኮምፒውተር ኮሌጅ ተማሪ ነበር። ለመመረቂያ ያቀረበው ሐሳብ የሌሎችን የይለፍ ቃል ወስዶ ኢንተርኔት መጠቀም የሚያስችል ፕሮግራም መሥራት ሲሆን፣ ኮሌጁ ይህ ስርቆት ነው ብሎ ውድቅ አድርጎበታል። ከእጁ የወጣው ቫይረስ የይለፍ ቃል ለመስረቅ መሞከሩም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ዓላማው የኢንተርኔት ክፍያ ለማይችል ሰው በነፃ መግቢያ ማግኘት እንደነበረ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተናግሯል። የዚያን ዘመን የስልክ መስመር ኢንተርኔት በደቂቃ እየተቆጠረ የተከፈለበትን ሒሳብ የሚያስታውስ የአዲስ አበባ አንባቢ፣ ድርጊቱን ባይደግፍም ምክንያቱ አይሰወረውም። ፊሊፒንስ ውስጥ በዚያን ጊዜ ቫይረስ ማሰራጨትን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አልነበረም። አቃቤያነ ሕግ በሌላ ሕግ ሊከሱት ሞክረው በኦገስት 2000 ክሱን ተዉት። አገሪቱ በጁን 2000 የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሕግ አውጥታ ጉዳዩን ብትሸፍንም፣ ሕግ ወደኋላ ተመልሶ አይሠራምና እሱን አልነካውም። በ2020 ታሪኩ እንደገና ሲጻፍ ማኒላ ውስጥ በአንዲት የስልክ መጠገኛ ሱቅ እየሠራ ተገኝቶ ድርጊቱን አምኗል። ሦስቱን ጸሐፊዎች ሳነጻጽር፣ አንዱ 20 ወር፣ አንዱ 150 ሰዓት፣ አንዱ ደግሞ ምንም አላገኘም። ወጥመዱን ያመቻቹት የሶፍትዌር ውሳኔዎች ግን በእነዚህ ጉዳዮች ጥያቄ አልተነሣባቸውም፤ ከመዝገቡ ውጭ ሆነው የቀሩት እነሱ ናቸው።

ስለ ማክሮም ባጭሩ ልናገር። በወርድ ሰነድ ውስጥ የሚጓዝ ኮንሴፕት የተባለ የማክሮ ቫይረስ የታየው በ1995 ነው። ማይክሮሶፍት ከኢንተርኔት የመጡ ሰነዶች ላይ ያለ ማክሮ በራሱ እንዲታገድ እንደሚያደርግ ያስታወቀው በፌብሩዋሪ 2022 ነው። በመካከሉ 27 ዓመት አለ። ከዚህ ዘመን ውስጥ ለረጅሙ ጊዜ መከላከያው በሰነዱ አናት ላይ የምትታይ አንዲት ቢጫ መስመርና «ፍቀድ» የምትል አንዲት ቁልፍ ነበረች። በ2016 የተነሣው ሎኪ የተባለ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ፣ ያችን ቁልፍ ለማስጫን የተጠቀመው ዘዴ በጣም ቀላል ነበር። ሰነዱ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የፊደላት ትርምስ ይታያል፤ ከላዩ ጽሑፉ በትክክል ካልታየዎ ማክሮ ይፍቀዱ ይላል። ይህ ዘዴ በእኛ መሥሪያ ቤቶች ከየትኛውም አገር ይልቅ እንደሚሠራ እገምታለሁ። በፓወር ግዕዝ ወይም በሌላ አሮጌ የአማርኛ ሶፍትዌር የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ትርምስ ሆኖ እንደሚታይ የማያውቅ ጸሐፊ የለም። እኛ የተበላሸ የሚመስል ሰነድ አይተን የምንደነግጥ ሰዎች አይደለንም፤ ተረጋግተን ፎንት ፈልገን፣ ይህን ተጭነን ያንን ፈቅደን ማስተካከል ለምደናል። ይህ ልማድ ትጋት እንጂ ግዴለሽነት አይደለም።

ከእነዚህ ሁሉ የረቀቀው ኢሞቴት ነበር። በ2014 የባንክ መረጃ ሰራቂ ሆኖ ጀምሮ፣ ኋላ ላይ የተያዘውን ሰው የኢሜይል ሣጥን ገልብጦ ቀድሞ ለተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች ምላሽ አስመስሎ አባሪ ይልክ ጀመር። ለምሳሌ ባለፈው ሳምንት ስለ ጄኔሬተር ጥገና ለአንድ አቅራቢ ጽፋችሁ ከሆነ፣ የራሳችሁ ደብዳቤ ከታች ተያይዞ፣ ከላይ «የተጠየቀው ዋጋ ተያይዟል» የሚል መልስ ይመጣላችኋል። በጃንዋሪ 2021 የበርካታ አገሮች ፖሊስ በጋራ ሰርቨሮቹን ተቆጣጠረ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ግን ተመልሶ መጣ። በዚህ ዓይነት ኢሜይል ላይ ሐሰቱን ከእውነቱ ለይ ብሎ ሠራተኛን ማስገደድ፣ እኔ ራሴ በባለሙያነቴ በእርግጠኝነት የማልችለውን ነገር ከእሱ መጠበቅ ነው።

ከእኛ አገር ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ምዕራፍ ግን ገንዘብ ከሚፈልጉ ሌቦች የመጣ አይደለም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርምር ማዕከል በማርች 2013 ባወጣው ሪፖርት፣ የግንቦት 7 አባላት ፎቶግራፎችን ማጥመጃ ያደረገ፣ ፊንስፓይ የተባለውን የስለላ ሶፍትዌር የሚጭን ፋይል ማግኘቱን፣ የሚገናኘውም ኢትዮጵያ ውስጥ ካለ ሰርቨር ጋር መሆኑን ገለጸ። ከዚያ በኋላ በዋሽንግተን አቅራቢያ በሜሪላንድ የሚኖር፣ በፍርድ ቤት ሰነዶች ውስጥ ኪዳኔ በሚል የሽፋን ስም ብቻ የተጠቀሰ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ኮምፒውተሩን አስመረመረ። በኢሜይል የደረሰውን የወርድ ሰነድ ከፍቶ ስለነበር፣ ከኦክቶበር 2012 መጨረሻ እስከ ማርች 2013 የስካይፕ ጥሪዎቹ፣ ኢሜይሎቹና የቤተሰቡ የኢንተርኔት አጠቃቀም ሲቀዱበት እንደነበረ በክሱ ላይ ቀርቧል። ሰነዱ የመጣለት በሌላ ሰው በኩል ተላልፎ ነው። በስደተኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ስለ አገር የሚያወራ ሰነድ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ መክፈት ማኅበራዊ ሕይወት ነው፤ ለቅሶ እንደመድረስ ያለ ነገር።

በዲሴምበር 2013 ደግሞ የኢሳት ሠራተኞች ተመሳሳይ ነገር ገጠማቸው። በስካይፕ የተላከላቸው ፋይል ስሙ በእንግሊዝኛ «ለኢሳት የቀረበ ጽሑፍ» የሚል ሲሆን፣ ምልክቱ የፒዲኤፍ፣ ውስጡ ግን ፕሮግራም ነበረ። ሲቲዝን ላብ ፕሮግራሙን ሐኪንግ ቲም የተባለው የጣልያን ኩባንያ ለመንግሥታት የሚሸጠው የስለላ መሣሪያ መሆኑን ለየ። የኢትዮጵያ መንግሥት ተወካይ በወቅቱ አስተባብሏል፤ በ2015 የኩባንያው የውስጥ ኢሜይሎች ተዘርፈው ይፋ ሲወጡ ግን የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ከደንበኞቹ መካከል ተገኘ። ለጋዜጠኛ የሚላከው ጽሑፍ ለግዥ ሠራተኛ የሚላከው ፕሮፎርማ መንታ ነው። ሁለቱም የሚያጠቁት ሰውየው ሥራውን በሚሠራባት ቅጽበት ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው በፒዲኤፍ ምልክት አይታለልም፤ የሚታለለው አንባቢ ነው።

ኪዳኔ በፌብሩዋሪ 2014 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። በማርች 2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ የውጭ መንግሥት ሊከሰስ የሚችለው ጥፋቱ ከመነሻው እስከ መድረሻው በአሜሪካ ምድር ሲፈጸም ብቻ ነው፣ ይህኛው ግን በከፊል ከውጭ የተቀነባበረ ነው በማለት ክሱን ዘጋው። ፋይሉ የተከፈተው በሜሪላንድ ነው፤ የተቀዳው ድምፅ የሜሪላንድ ሳሎን ድምፅ ነው፤ ሐሳቡ ግን የተጠነሰሰው ከባሕር ማዶ ስለሆነ ዳኞቹ እጃችን አይደርስበትም አሉ። ውሳኔውን ባነበብሁበት ጊዜ የተሰማኝ ነገር በመሥሪያ ቤት ስብሰባዎች ላይ ከሚሰማኝ የተለየ አልነበረም፤ ላኪው የማይደረስበት ሲሆን ተቀባዩ ብቻውን ይቀራል። በእኛም አገር ጎጂ ፕሮግራም ማሰራጨት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ፣ ኋላም በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። ላኪው በሌላ አህጉር ሲሆን ግን አዋጁ የግዥ ሠራተኛዋን ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤው አያድናትም።

በእርግጥ ቫይረስ በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ዘመን በብዛት የተዛመተው በፍላሽ ነበር፤ አሁን ደግሞ የመንግሥት ደብዳቤ ሳይቀር ስካን ተደርጎ በቴሌግራም ስለሚላክ፣ አባሪ ማለት የኢሜይል ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በስልክ ላይ የሚጫን የኤፒኬ ፋይል የባንክ መተግበሪያ መስሎ በቴሌግራም ሲመጣ፣ ነገሩ ያው የድሮው ሁለተኛ ነጥብ ነው። መንገዱ ተለወጠ እንጂ፣ ሰነድ መስሎ የሚመጣ ትእዛዝ ያው ነው። ማይክሮሶፍትም ማክሮን ሲዘጋ አጥቂዎቹ ወደ ዲስክ ምስልና ወደ ሾርትከት ፋይሎች፣ በ2023 መጀመሪያም ዋንኖት ወደተባለው የማይክሮሶፍት የማስታወሻ ፕሮግራም ፋይሎች ዞሩ፤ ያኛውም በዚያው ዓመት ተዘጋ። በር በተዘጋ ቁጥር አጥቂው ዙሪያ ጥምጥም መሄዱ መዝጋት እንደሚሠራ ያሳያል። በሥልጠና ብዛት የተዘጋ በር ግን አላየሁም።

ከፋች ምንም ኃላፊነት የለበትም ወይ ለሚለኝ ሰው አለበት እላለሁ፤ አንድ ነገር። የሚያጠራጥር ነገር ካየ ወዲያውኑ መናገር። ይህ ደግሞ «ማን ከፈተው?» የሚለው ጥያቄ የሚገድለው ነገር ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የሆነውን አልረሳውም። አንዲት ሠራተኛ ከቀትር በኋላ የከፈተችው ሰነድ ባዶ ሆኖባት፣ ኮምፒውተሯም ሲንተፋተፍ አይታ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ባልደረባዋ በተመሳሳይ ነገር ከደመወዙ ተቆርጦበት ስለነበር ለማንም ሳትናገር ማያ ገጹን ብቻ አጥፍታ ወደ ቤቷ ሄደች። ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሙሉ በጋራ የሚጠቀሙበትን ማኅደር ሲቆልፍ አደረ። መጠባበቂያ ቅጂ አለ የተባለው ዲስክም ከዚያው ሰርቨር ጋር ተሰክቶ ስለነበር አብሮ ተቆለፈ። በነጋታው ስብሰባ ላይ ስለ ዲስኩ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የጠየቁት ስለ እሷ ነው። በዚያን ዕለት ከሰዓት ስልክ አንሥታ ብትደውልልን፣ የአንድ ኮምፒውተር ገመድ ነቅለን ነገሩ ያበቃ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኃላፊነቱ ለእኔ በተሰጠበት ሁሉ የማደርገው ነገር ተመሳሳይ ነው። በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ከሁሉ አስቀድሜ የፋይል ማብቂያዎች እንዲታዩ አደርጋለሁ፤ ዊንዶውስ 11 እንኳ ዛሬም ደብቋቸው ነው ከካርቶን የሚወጣው። ስክሪፕት ፋይሎች ሁለት ጊዜ ሲጫኑ በኖትፓድ እንዲከፈቱ አስተካክላለሁ፤ ያን ጊዜ የሚያደርሱት ጉዳት የማይገባ ጽሑፍ ማሳየት ብቻ ይሆናል። የግዥና የሰው ኃይል ክፍል ሠራተኞች በአስተዳዳሪ መለያ እንዳይሠሩ፣ የሚቀበሉበትም ማሽን የጋራውን ማኅደር ማንበብ እንጂ መጻፍ እንዳይችል አደርጋለሁ። መጠባበቂያ ቅጂው ከተቀዳ በኋላ ዲስኩ ተነቅሎ ካዝና ውስጥ ይገባል። በአደጋ ሪፖርት ቅጹ ላይም «የከፈተው ሠራተኛ ስም» የሚለውን ቦታ አውጥቼ «ነገሩ የተነገረበት ሰዓት» በሚል ለመተካት ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ማሽኖቹን የሚመለከቱት ሐሳቦች በሙሉ ተቀባይነት አግኝተዋል። ቅጹ ግን ገና የሰው ኃይል ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እሳቸው ሰዓቱም ይጻፍ፣ ስሙም ይቆይ ባይ ናቸው።